መስኮቱና ፕሮቶኮሉ፦ የሊነክስ የቻት ፕሮግራሞችን ዕድሜ ማን ይወስናል?

እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ ማርክ ስፔንሰር የተባለ የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የአሜሪካ ኦንላይንን የቻት አገልግሎት (ኤአይኤም) በሊነክስ ላይ ለመጠቀም የሚያስችል ፕሮግራም ለቀቀ። ጌይም የተባለው ይህ ፕሮግራም ውሎ አድሮ ያሁንና ኤምኤስኤንን ጨምሮ በርካታ አገልግሎቶችን በአንድ መስኮት ሰበሰበ። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ግን የዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም ዕድሜ የሚወሰነው በመስኮቱ ጥራት ሳይሆን በፕሮቶኮሉ፣ ማለትም በመልእክት መለዋወጫው ደንብ፣ ባለቤትነት ነው ብሎ ነው።

የመጀመሪያው ግጭት የመጣው በስም ነበር። አሜሪካ ኦንላይን «ኤአይኤም» የሚለውን የንግድ ምልክቴን ነካችሁ አለ፤ ሙግቱ ተጓትቶ በ2007 ፕሮግራሙ ፒጂን ተባለ። መልእክት የሚልከውና የሚቀበለው ክፍልም ሊብፐርፕል የሚል ስም አገኘ። ከመስኮቱ ተነጥሎ የቆመ ላይብረሪ በመሆኑ የማክ ተጠቃሚዎች የሚገለገሉበት አዲየም፣ መስኮት አልባው ፊንችም በእርሱ ላይ ተሠሩ። በእኔ ግምት ከፒጂን ሥራዎች ሁሉ የላቀው ይህ ነው።

ሆኖም ፒጂን የተዋበ ቤት ቢሆንም የኪራይ ቤት ነበር። ገንቢዎቹ የኩባንያዎቹን ዝግ ፕሮቶኮሎች ከውጭ እየመረመሩ ያዘጋጁት ኮድ፣ ባለቤቶቹ ሰርቨሮቻቸውን ሲዘጉ ከንቱ ሆነ። ኤአይኤም ራሱ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) ተዘጋ።

ክፍት የቻት ፕሮቶኮል የሆነው አይአርሲ በተቃራኒው በ1988 በፊንላንድ ኦሉ ዩኒቨርሲቲ በያርኮ ኦይካሪነን የተጀመረ፣ ደንቡም በ1993 በይፋ የታተመ ነው። የአይአርሲ መጠቀሚያ ፕሮግራም የነበረው ኤክስቻት ሲዳከም ኮዱን ወስዶ ሄክስቻት ቀጠለ፤ የሄክስቻት የመጨረሻ እትም በ2024 ሲወጣም ተጠቃሚው ወደ ኮንቨርሴሽን ወይም ወደ ሌላ ፕሮግራም ተሻግሮ የለመደውን ቻናል እንደነበረ ያገኘዋል።

ክፍት መሆን ግን ምቹ መሆን አይደለም። የአይአርሲ ደንብ የትኛው የፊደል ኮድ እንደሚሠራ አልወሰነም፤ ሁለት ሰዎች የተለያየ ኮድ ከመረጡ የሚታያቸው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። አንድ መልእክትም ከነመጠቅለያው ከ512 ባይት ማለፍ አይችልም። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ያለ ክፍተት ቢጻፍ እንኳ አንድ የአማርኛ መልእክት 170 ፊደል አይሞላም። አማርኛ ጸሐፊን የረዳው መስኮቱ ነው፦ ጌይምና ኤክስቻት የተሠሩበት ጂቲኬ 2 የአማርኛ መጻፊያ ዘዴ ይዞ ይመጣ ስለነበር፣ የቻት ገንቢዎቹ ሳያስቡበት ፊደላችን ሳጥኑ ውስጥ ገባ።

ዛሬም በፒጂን ከሚሠሩት ፕሮቶኮሎች መካከል ደንባቸው ለሁሉም ክፍት የሆነው አይአርሲና ሌላው የቻት ፕሮቶኮል ኤክስኤምፒፒ ይገኙበታል።