አሳማ በማይበላበት ቤት የተገኘው የአሳማ ኮሶ ትል



እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1991 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ አራት ሰዎች በተለያየ ጊዜ ወደ ሕክምና መጡ። እያንቀጠቀጠ የሚጥል ሕመም ደጋግሞ ይነሣባቸው ነበር። አንጎላቸው ሲመረመር የአሳማ ኮሶ ትል እጭ የሚያደርሰው ዓይነት ጉዳት ታየ። ሐኪሞቹን ግራ ያጋባቸው የሰዎቹ ማንነት ነው። አራቱም ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የያዙ አይሁዳውያን ናቸው። አሳማ ለእኛ ሐራም እንደሆነው ሁሉ ለእነርሱም እርም ነው፤ አንዳቸውም በልተው አያውቁም። ታዲያ የአሳማ ትል አንጎላቸው ውስጥ እንዴት ገባ?

መልሱን ለማግኘት የትሉን ታሪክ ከሥሩ እንየው።

በአሳማ ሥጋ ውስጥ የበረዶ ጠጠር የሚመስል ነገር እንደሚገኝ የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከ2300 ዓመታት በፊት ገደማ ጽፏል። በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖረው ረጅም ትልም ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ሆኖም ሁለቱ አንድ ፍጥረት መሆናቸውን ለብዙ ዘመን ያወቀ አልነበረም። በ1758 ሊኔየስ ረጅሙን ትል «ቴኒያ ሶሊየም» ብሎ ሰየመው። በ1784 ጎዘ የተባለ ጀርመናዊ ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ በአሳማ ሥጋ ውስጥ ያለችው ከረጢት የያዘችው ራስ ከሰው ትል ራስ ጋር እንደሚመሳሰል አስተዋለ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ የቤልጂየሙ ቫን ቤኔደን የትሉን እንቁላል ለአሳማ አብልቶ፣ ከረጢቶቹን በጡንቻው ውስጥ አገኛቸው።

የቀረውን ግማሽ ያሟላው ኩሸንማይስተር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በ1855 ሞት የተፈረደበትን እስረኛ እነዚህን ከረጢቶች አበላው። ሰውየው ከተገደለ በኋላ አንጀቱ ሲከፈት ገና በማደግ ላይ ያሉ ትሎች ተገኙ። ምርምሩ እውነቱን ቢያወጣም፣ ሰውን እንዲህ መጠቀሙ በዚያው ዘመን ነቀፌታ አስነሥቶበታል።

የትሉ አፈጣጠር የሚያስገርም ነው። ራሱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በላዩ አራት መምጠጫዎችና በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ከ22 እስከ 32 የሚደርሱ መንጠቆዎች አሉት፤ አንጀትን ቆንጥጦ የሚይዘው በእነዚህ ነው። አፍም ሆድም የለውም፤ ሰውየው የፈጨውን ምግብ በቆዳው ይስባል። ከአንገቱ በታች ጠፍጣፋ ቁራጮች እንደ ሰንሰለት እየተቀጣጠሉ ከ2 እስከ 7 ሜትር ይረዝማል። እያንዳንዱ ቁራጭ የወንድም የሴትም አካል አለው። መጨረሻ ላይ ያሉት የበሰሉ ቁራጮች ደግሞ እያንዳንዳቸው እስከ 50,000 እንቁላል ይዘው ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣሉ።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ትሉ ሰውን የሚያጠቃበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በደንብ ያልበሰለ የአሳማ ሥጋ ከነከረጢቱ መብላት ነው፤ ይህ አንጀት ውስጥ ረጅሙን ትል ያበቅላል። ሁለተኛው እንቁላሉን መዋጥ ነው፤ ለዚህ ደግሞ አሳማ መብላት አያስፈልግም። ትሉ ያለበት ሰው ከመጸዳጃ ወጥቶ እጁን በደንብ ሳይታጠብ ምግብ ቢነካ፣ በዓይን የማይታየው እንቁላል ወደ ሌላው ሰው አፍ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ አንጀትን በስቶ በደም በኩል ወደ ጡንቻ፣ ወደ ዓይን፣ ወደ አንጎል ይሄዳል። እዚያም ከረጢት ይሠራል። ሰውየው የአሳማውን ቦታ ያዘ ማለት ነው።

የኒውዮርኩ እንቆቅልሽ የተፈታው በዚህ ነው። በአራቱም ቤቶች ያሉ የቤት ሠራተኞች ተመረመሩ። አንዷ ትሉ በሆዷ ተገኘባት፤ በሌላዋ ደም ደግሞ ምልክቱ ታየ። ሠራተኞቹ ትሉ ከሚበዛባቸው የላቲን አሜሪካ አገሮች የመጡ ነበሩ። ሠራተኛዋም ብትሆን ሳታውቀው የታመመች ሰው እንጂ ጥፋተኛ አይደለችም። በጊዜው መርምሮ የሚያክማት ብታገኝ ኖሮ እርሷም ትድን፣ ቤተሰቡም ይተርፍ ነበር።

ከዚያ በፊት በ1970ዎቹ በምዕራብ ፓፑዋ ተራሮች የደረሰው ደግሞ የበለጠ ያሳዝናል። ከሌላ ደሴት ከመጡ አሳማዎች ጋር ትሉ ወደ አካባቢው ገባ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ክፉኛ የተቃጠሉ ሰዎች ይበዙ ጀመር። ሌሊት ለሙቀት ከሚነድ እሳት አጠገብ ተኝተው ሳለ የሚጥለው ሕመም ይነሣባቸውና እሳቱ ላይ ይወድቁ ነበር።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ በአገራችን በብዛት የሚታወቀው ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል ነው። የእርሱ ራስ መንጠቆ የለውም፤ እንቁላሉም በሰው አንጎል ውስጥ ከረጢት አይሠራም። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

አሳማን የምንተወው አላህ ስለከለከለ ነው እንጂ ትል ስላለበት ብቻ አይደለም። በደንብ ማብሰል ትሉን ይገድለዋል፤ ሐራሙን ግን ሐላል አያደርገውም። በሌላ በኩል «እኛ አሳማ ስለማንበላ ይህ በሽታ አይነካንም» ብሎ መዘናጋት ስህተት መሆኑን የኒውዮርኩ ታሪክ አስተምሮናል። ጥበቃው ከመጸዳጃ በኋላና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ አትክልትን በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ትል ያለበትን ሰው ቶሎ ማሳከም ነው። ጠሃራን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ትል በዓለም ላይ ልንከላከላቸው ከምንችላቸው የሚጥል በሽታ መንስኤዎች ዋነኛው እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ልጃችን ወይም ዘመዳችን ሲወድቅ «ጂን ነው» ብለን ቤት አንዝጋበት። ዱዓችንን እያደረግን ወደ ሐኪም እንውሰደው። ሕመሙ መድኃኒት አለው፤ ማዘግየቱ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትንም ያሽርልን። ወላሁ አዕለም።