ስሙኒው ለምን ጠርዙ ተከረከመ?

ሳሪስ ውስጥ «የድሮ ሳንቲም አለኝ» የሚል ሰው ቢገኝ፣ በቅድሚያ የሚያወጣው ጠገራ ብር (ማርትሬዛ) ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በአቃቂ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር ማርትሬዛን ከነሣጥኑ ሲያመላልስ ስለኖረ፣ በዚህ አካባቢ መገኘቱ አይገርምም። ለሰብሳቢ ግን ፈተና ነው። በላዩ የተቀረጸችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም እ.ኤ.አ. 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ሲመታ ስለኖረ፣ የቱ መቼ እንደተሠራ የሚለየው ባለሙያ ብቻ ነው።

የምኒልክ ብር ደግሞ ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ሻፕለን ቀርጾት፣ 1887 ዓ.ም. ተጽፎበት ከፓሪስ መጣ። ክብደቱ እንደ ማርትሬዛ 28 ግራም ሲሆን፣ አላድ፣ ሩብና ተሙንም ነበሩት። አንበሳውን ልብ ብሎ ያየ ሰው በመጀመሪያዎቹ ላይ ግራ እግሩን፣ 1892 በሚለው ላይ ቀኝ እግሩን አንሥቶ ያገኘዋል። ገበያው ግን አዲሱን ብር ቶሎ አላመነውም፤ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፍቶም በጠገራው መገበያየቱን ቀጠለ።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የ1936 ስሙኒ ነው። ሽልንጉ ከብር፣ ስሙኒው ከመዳብ ተሠርተው ሲወጡ ሁለቱም ክብ፣ መጠናቸውም ተቀራራቢ ነበር። ብልጣ ብልጡ ምን ቸገረው፤ ስሙኒውን ብር እየቀባ በሽልንግ ዋጋ ያሳልፈው ጀመር። መንግሥትም ክቡን እየሰበሰበ ጠርዙ እንደ ሞገድ የተከረከመውን አወጣ። ቅቡ ዓይንን ቢያታልልም ጣትን አያታልልም። ከመሰብሰብ ያመለጠው ክብ ስሙኒ ዛሬ ብርቅ ነው። 1936 የሚለው ዓመት ግን አያሳስታችሁ፤ እነዚህ ሳንቲሞች ከዚያም በኋላ ለዓመታት ዓመተ ምሕረታቸው ሳይለወጥ ተመትተዋል።

እባካችሁ፣ የአያታችሁን ሳንቲም በአመድም በሎሚም አትፈትጉት፤ የተፈተገ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። አንጥረኛ አቅልጦ ሐብል ከማድረጉም በፊት ጠርዙንና የአንበሳውን እግር እዩ።