ቀስ ብሎ የመጣ ፈውስ

በጉባኤያችን ስለ ፈውስ ሲመሰከር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው በቅጽበት ስለሆነው ነው። ጌታ እንዲህ እንደሚፈውስ እናምናለን። ሆኖም ወራት ስለ ፈጀ ፈውስ የሚመሰክር ጥቂት ነው። የአባታችንን ሕመምና ማገገም የምንጽፈው ለዚህ ነው።

ዘመኑ 1976 ዓ.ም. ነበር። የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን በጥር 1974 ዓ.ም. ዘግቶ መሪዎቿን አስሯል። ወደ 5,000 የሚጠጉት አባላቷ በየቤቱ አምስትም ስድስትም እየሆኑ በድብቅ ይገናኙ ነበር። የእኛም ቤተሰብ ከእነዚህ አንዱ ነበር።

አንድ ሌሊት አባታችንን ደረታቸውን እንደ ድንጋይ ተጫናቸው፤ ግራ ክንዳቸው ዛለ፤ ላብ አጠመቃቸው። አንድ ጎረቤታችን በመኪናው ሆስፒታል አደረሳቸው። ሐኪሙ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ሥር እንደ ተዘጋ ነገረን፤ በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው ነው። ዛሬ እንዲህ ያለውን ሥር በቀጭን ቱቦ መክፈት ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ለአባታችን የታዘዘላቸው ዋና መድኃኒት ዕረፍት ነበር።

ዕረፍቱም የራሱ ታሪክ አለው። ቀድሞ የልብ ሕመምተኛ ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይነሣ ይከለከል ነበር። በ1952 እ.ኤ.አ. በቦስተን ሌቪንና ላውን የተባሉ ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸውን ቀደም ብለው ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚበጅ ጻፉ። በ1955 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በዚሁ ሕመም ሲወድቁ፣ ሐኪማቸው ፖል ደድሊ ኋይት ቀስ በቀስ እንዲንቀሳቀሱ መከሯቸው። በዓመቱ እንደገና ተመረጡ። አባታችንም በዚሁ መንገድ ሄዱ፦ መጀመሪያ አልጋ፣ ቀጥሎ ወንበር፣ በኋላም እስከ ግቢው በር።

ሐኪሙ ጠያቂ እንዳይበዛባቸው አጥብቆ አዝዞ ነበር። በአገራችን ደግሞ ሰው ሲታመም ቤቱ ይሞላል። እናታችን በር ላይ ቆመው አምስት አምስት ሰው ብቻ ያስገቡ ጀመር። የሐኪሙ ትእዛዝና የዘመኑ ጥንቃቄ ገጠሙ። ቡና ይፈላል፤ በሹክሹክታ ይጸለያል፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ከትራሱ ሥር ይወጣል። የቀበሌ ጠባቂ ሲጠይቅ “ሕመምተኛ ጥየቃ ነው” እንላለን፤ ውሸትም አልነበረም።

ቢሆንም ፈራን። በር በተንኳኳ ቁጥር እናታችን ይደነግጡ ነበር፤ የአባታችን ልብ አንድ ፍተሻ እንኳ አይችልም ብለው ይሰጉ ነበር። ሰዎቹ ለጊዜው ይቅሩ ብለን ስንማከር አባታችን ሰሙን። “የመጣውን አትመልሱ” አሉን። “ከዚህ ደጅ የተመለሰ ሰው ወዴት ይሄዳል?” ከዚያ በኋላ ማንንም አልመለስንም። በዚያ ሌሊት መኪናውን ያስነሣው ጎረቤታችን ጌታን ያወቀው በዚያው አልጋ አጠገብ ነው። አባታችን በሳምንት ድነው ቢነሡ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው የሚመጣበት ምክንያት ባልኖረው ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ የአምልኮ ነጻነት ሲመለስ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ አባላት ከ30,000 በልጠው ነበር። አባታችን ወደ አምልኮ በእግራቸው ሄዱ።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታምሞ ሲጸልይ እግዚአብሔር 15 ዓመት ጨመረለት፤ በዚያው ምዕራፍ (2ኛ ነገሥት 20) ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። ጸሎትና መድኃኒት በአንድ ቤት ገቡ።

ወገኖች፣ ክኒን እየዋጣችሁ ቀን የምትቆጥሩ ካላችሁ፣ እምነታችሁ አንሶ አይደለም። ማንም ሰው “ተፈውሰሃል” ስላላችሁ ብቻ መድኃኒታችሁን አትጣሉ። ደረቱን የሚጨንቀው ሰው ካያችሁ እየጸለያችሁ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት አድርሱት። በሠፈራችሁ አልጋ የያዘ ሰው ካለም በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቁት። ጌታ ይባርካችሁ።