ቋሚና ማገር፦ በምዕራብ ሸዋ የእንጨት ግድግዳ ጉድለቶች

በእንጨትና በጭቃ የሚሠራ ግድግዳ ከአምቦ እስከ ግንጪና ጭልሞ ድረስ በብዛት የሚታይ የመኖሪያ ቤት አሠራር ነው። አጽሙ መሬት ውስጥ የሚቀበሩ ቋሚዎች፣ ከውስጥና ከውጭ አግድም የሚመቱ ማገሮች፣ ከላይም ጣሪያውን የሚሸከም አግዳሚ ናቸው። ጭድ ገብቶበት የተብላላ ጭቃ ከተመረገበት በኋላ ይህ ሁሉ ከዓይን ይሰወራል። ስለዚህ ጉድለት የሚለየው ከምርጊት በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ፍተሻ ግምት ይበዛበታል።

በጭልሞ ደን ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ይበቅላሉ። የጥድና የወይራ ልብ እንጨት ምስጥንና መበስበስን በመቋቋም የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ቤት ሠሪው የሚይዘው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ የገባውን ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ይላል፣ በየመንገዱ ዳርም ይሸጣል። እርጥቡን የመቱት እንደሆነ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጠመዘዛል፣ ምስማሩም ይላላል። ልጡ ሳይላጥ ከተመታ ነቀዝ ከሥሩ ይገባል። ግርጌውን በእሳት መለብለብ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ዕድሜውን ያራዝመዋል እንጂ ከምስጥ ፈጽሞ አያድነውም።

ፈታሹ ቱንቢ ይዞ ከማዕዘን ይጀምራል። የማዕዘን ቋሚ ከዘመመ ሌላው ሁሉ ይከተለዋል። ቀጥሎ የማገሮቹን መቀጠያ ያያል፦ ሁሉም በአንድ ቋሚ ላይ ከተቀጠሉ ግድግዳው እዚያው ይታጠፋል። ማዕዘኑ አጠገብ በሰያፍ የተመታ እንጨት አለመኖሩም የተለመደ ጉድለት ነው፤ ቋሚና ማገር ብቻቸውን የሚሠሩት አራት ማዕዘን በንፋስም በርዕደ መሬትም በቀላሉ ይዛባል። ለመስኮት ሲባል ተሸካሚ ቋሚ ተቆርጦ ከላይ ጠንካራ አግዳሚ ካልተተካለት የቆርቆሮው ክብደት የሚያርፈው በመስኮቱ ላይ ነው። አግዳሚውን ለማስቀመጥ ቋሚውን በመጥረቢያ አጥብቆ መቦርቦርም ያዳክመዋል። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤቶች ኮድ፣ ለምሳሌ፣ ተሸካሚ ቋሚ ከስፋቱ 25 በመቶ በላይ እንዳይቦረቦር ይከለክላል።

የግንጪ አካባቢ ጥቁር አፈር የራሱ ጣጣ አለው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ጥልቀት ሳይሰጠው የተቀበረ ቋሚ ከእሱ ጋር ይነሣል፣ ይዘማል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ 5ኛ ክፍል ስለ እንጨት አጠቃቀም ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ከሁለት ፎቅ በታች ያለውን የግል መኖሪያ ቤት በምድብ «ሀ» መድቦ፣ የፕላን ፈቃድንና ቁጥጥርን ለሕንፃ ሹም ሰጥቶ ነበር። አዋጁ በዋናነት የታሰበው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነበር፤ አምቦ ይገባበት ነበር፣ በደኑ ዳር ያሉት መንደሮች ግን በአናጢው ዓይን ብቻ ይሠራሉ። የከተማውም ቁጥጥር ቢሆን ፕላን ላይ ካተኮረ የላላ ምስማር አያይም።

በተመረገ ቤት ላይ የሚቀሩት ምልክቶች ጥቂት ናቸው፦ ከወለል ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣ የምስጥ ጭቃ፣ በመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ሲያንኳኩት ባዶ የሚያስተጋባ ግርጌ። ግርጌው የበሰበሰ ቋሚ ጤነኛው ክፍል ድረስ ተቆርጦ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ጣሪያው አስቀድሞ በድጋፍ ይያዛል፤ ቋሚዎቹም በየተራ ይቀየራሉ እንጂ በአንድ ላይ አይቆረጡም።