የተቃጠለ ድንጋይ ክምር ምን ይናገራል?

እስቲ ዛሬ ወደ ሩቅ አገር እንሂድ። አየርላንድ ትባላለች። ከእንግሊዝ አገር በስተምዕራብ ያለች፣ ዝናብ የማያጣት ደሴት ናት።

በዚች አገር ከወንዝ ወይም ከረግረግ አጠገብ ሣር የለበሰ ጉብታ ይታያል። ብዙውን ጊዜ እንደ ጨረቃ ግማሽ ጎበጥ ያለ ነው። ላዩን ሲያዩት ምንም አይደለም። ሲቆፈር ግን ውስጡ በእሳት የተሰነጣጠቀ ድንጋይና ከሰል ነው። አጠገቡ ደግሞ በእንጨት ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ የተሠራ ገንዳ ይገኛል። እንጨቱ እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ ትሉ ይሆናል። ውኃ በሞላው ረግረግ ውስጥ አየር ስለማይገባ እንጨት ቶሎ አይበሰብስም።

አብዛኛው ክምር የነሐስ ዘመን ሰዎች ሥራ ነው። ብዙው 3,000 ዓመት አልፎታል። ታዲያ ምን ሠሩበት?

እኛ ውኃ ስናፈላ ድስቱን እሳት ላይ እንጥዳለን። የእንጨት ገንዳ እሳት ላይ ቢጣድ ግን ይነዳል። ስለዚህ ነገሩን ገለበጡት። ድንጋዩን አጋሉና ውኃው ውስጥ ጨመሩት። የጋለ ድንጋይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ሲደቅ አውጥተው ዳር ይጥሉታል። ክምሩ የመጣው ከዚህ ነው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ፕሮፌሰር ማይክል ኦኬሊ ይህን በተግባር ሞከሩት። ቦታው ኮርክ በተባለው አውራጃ፣ በተራሮች መካከል ያለው ባሊቮርኒ ነው። 450 ሊትር ያህል ውኃ በግማሽ ሰዓት ገደማ ፈላላቸው። ከዚያ 4 ኪሎ ተኩል የሚመዝን የበግ እግር በገለባ ጠቅልለው ከተቱ። አልፎ አልፎ የጋለ ድንጋይ እየጨመሩ፣ ሥጋው በ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በሰለ።

እንግዲህ ወጥ ቤት ነበር ብለን እንዝጋው? አይዘጋም። በብዙዎቹ ክምሮች የእንስሳ አጥንት እምብዛም አይገኝም። ኮምጣጣ አፈር አጥንት ይበላል የሚሉ አሉ። በ1987 በእንፋሎት ገላ መታጠቢያ ሳይሆን አይቀርም የሚል ሐሳብ ቀረበ። በ2007 ደግሞ ሁለት ባለሙያዎች ጋልዌይ ውስጥ በእንዲህ ያለ ገንዳ ከገብስ ቢራ ጠመቁ። እንደ ጠላ በሉት። እኔ አንዱን መምረጥ አይታየኝም። አንድ በርሜል ውኃም ይቀዳበታል፣ እህልም ይቀመጥበታል አይደል?

ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በአየርላንድም፣ በስኮትላንድም፣ ዛሬ በግ ብቻ የሚግጥባቸው ደጋማ ቦታዎች አሉ። በስኮትላንድ ደጋ አንዳንዱ ክምር ከጥንት ክብ ጎጆዎች መሠረት ብዙም አይርቅም። ቤቱ ከፍ ብሎ ደረቅ መሬት ላይ፣ ክምሩ ዝቅ ብሎ ውኃ ዳር። ያን ሁሉ ድንጋይ ለማጋል ብዙ ማገዶ ያስፈልጋል። ከሰሉ ሲመረመር የየትኛው ዛፍ እንደሆነ ይታወቃል፤ ዕድሜውም ይለካል። ስለዚህ ዛሬ ራቁቱን የቀረው ኮረብታ በዚያ ዘመን ዛፍም ሰውም ነበረው ማለት ነው።

በአየርላንድ ብቻ ከ7,000 በላይ ክምሮች ተመዝግበዋል። አውራ ጎዳና ሲቆፈር የተገኘው ብዙ ነው። ገበሬውም ሲያርስ ጥቁር አፈርና የተሰነጠቀ ድንጋይ ይወጣለታል።