የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ውጤት አቻ ግምት በአሜሪካ

የውጤት አቻ ግምት በአንድ አገር ዩኒቨርሲቲ የተገኘ ውጤት በሌላ አገር የምዘና ሥርዓት የሚኖረው ዋጋ የሚወሰንበት አሠራር ነው። በብሪታንያ ከመቶ 70 የአንደኛ ማዕረግ መነሻ ነው፤ በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ግን ያው 70 «ሲ» ገደማ ነው። መቶኛውን እንዳለ መገልበጥ እንግዲህ ጎበዙን ተማሪ በእጅጉ ይጎዳል።

በአሜሪካ ግምቱን የሚሠሩት በአብዛኛው መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ናቸው፤ በ1974 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስ አንዱ ነው።

የሙያ ትምህርት ቤቶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። የሕግ ትምህርት ቤቶችን ማመልከቻ የሚያስተናግደው ኤልሳክ ዲግሪውን በውጭ አገር ለሠራ አመልካች አማካይ ነጥብ አያሰላም፤ ውጤቱን «ከላቀ» እስከ «ከአማካይ በታች» ባሉ ደረጃዎች ይገልጸዋል። ይህ ፍትሐዊ መንገድ ነው፤ ተማሪው የሚመዘነው በተማረበት አገር ልክ ነውና። ሕክምና ይከብዳል። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ የሆነው አምካስ፣ አንድ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ኮሌጅ ክሬዲቱን ካልተቀበለው በቀር፣ በውጭ አገር የተወሰደን ኮርስ አያረጋግጥም። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ቢያንስ አንድ ዓመት በአሜሪካ ወይም በካናዳ መማርን ይጠይቃሉ።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም እንደ አሜሪካዎቹ ነጥብ የሚሰጡት እስከ 4.00 በመሆኑ ልወጣ የማያስፈልግ ይመስላል። ይሁንና የቁጥሩ መመሳሰል አመልካቹን ከግምገማው ነፃ አያወጣውም፤ ገምጋሚዎቹ የኮርሱን የክሬዲት ሰዓትና የዲግሪውን ደረጃ ጭምር ያያሉ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱም በአብዛኛው ከሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክ ስለሚፈለግ፣ አመልካቹ ጥያቄውን ቀደም ብሎ ማቅረብ ይኖርበታል።