አቤት ባይና ሰሚ

«የተጠማ ከፈሳሽ፣ የተበደለ ከነጋሽ» ይላል ያገራችን ሰው። ምሳሌው ጥሩ ነው። ነጋሹ ሰምቶ ምን እንዳደረገ ግን አይነግረንም።

እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ያስቀኛልም፣ ያሳዝነኛልም። በቤተ መንግሥቱ ደጅ ከማለዳ ጀምሮ አቤት ባይ አይጠፋም ነበር፤ ሁሉም በየቋንቋው ይጮሃል። ክረምት ገብቶ ባለጉዳይ ከየአገሩ መምጣት ሲያቅተውና ደጁ ጭር ሲል ግን፣ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማቸው ሥራ ፈቶች እየተፈለጉ የተበደለ ሰው መስለው ያለቅሱ ነበር። ለንጉሡ ክብር ሲባል መሆኑ ነው! ልብ በሉ፦ አቤቱታ ከተበዳዩ ይልቅ ለሰሚው ጌጥ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት፣ ከጃፓን ብዙ የተዋሰው፣ ሕዝቡ ለመንግሥት አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቀደ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ደግሞ አድራሻውን ለይቶ «ለንጉሠ ነገሥቱ» አለ። ፓርላማ ነበረን፤ ሁለት ምክር ቤት። የተበደለ ሰው ግን ፓርላማውን አልፎ ወደ ዙፋን ችሎት ነበር የሚሮጠው። ለምን ቢሉ፣ ፍርድ ሊገለብጥ የሚችለው እዚያ ነዋ!

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዙፋኑም ፓርላማውም አብረው ወደቁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት አሰፈረ፤ በአንቀጽ 55 ደግሞ ምክር ቤቱ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንዲያቋቁም አዘዘ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1809 የጀመረችው ነገር በአዋጅ ቁጥር 211/1992 እኛም ጋ ደረሰ። ይሁንና እንባ ጠባቂው መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ አይፈርድም። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይም አይነካም። የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴም እንዲሁ ነው፤ አቤቱታ ሲመራለት አስፈጻሚውን መሥሪያ ቤት ይጠይቃል እንጂ የዳኝነት ሥልጣን የለውም። እሱስ ደግ ነው፤ ፖለቲከኛ ፍርድ ሲገለብጥ ማየት አንሻም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? እኔ በምኖርበት በኢምፔሪያል አካባቢ (ስሙን ከሆቴሉ የወረሰ፣ ዙፋን ችሎት ግን የሌለው ሰፈር ነው) ጡረተኛ ጎረቤት አሉኝ። ከአገልግሎት ዘመናቸው አራት ዓመት ሳይቆጠርላቸው ቀርቶ ማመልከቻ ይዘው ሲዞሩ ከረሙ። ከማመልከቻው ግርጌ ሰባት «ግልባጭ» ተደርድሯል።

«ጋሼ፣ ምን አሉዎት?» አልኳቸው።

«ደርሶናል አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ ሁሉም ደርሶናል አሉ!»

ግልባጭ የደረሰው ሁሉ ዋናው ደብዳቤ ሌላ ቦታ እንዳለ ያውቃል። አንዱ ሌላው ይመልስለታል እያለ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይተኛል። ጋሼ ከዚያ በኋላ የሚከራከሩት ሰው እንኳ የላቸውም፤ አልከለከላቸውማ ማንም!

እንደኔ እንደኔ፣ ኮሚቴው የዙፋን ችሎትን ሰይፍ አያስፈልገውም። ሕገ መንግሥቱ ባለሥልጣን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ለምክር ቤቱ ሰጥቶታል። «ለእኚህ ሰው በዚህ ቀን ምን መለስክ? በየትኛው ሕግ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መልሱ «አይገባዎትም» ቢሆን እንኳ፣ ምክንያትና ፊርማ ካለበት ሰው ይግባኝ የሚልበት ነገር ያገኛል። «ደርሶናል» ላይ ግን ይግባኝ አይባልም።

ስለዚህ የዓመቱ ሪፖርት ሲቀርብ ስንት አቤቱታ እንደመጣ ብቻ አይነገረን። ስንቱ ከነምክንያቱ ተመለሰ? ስንቱስ ባለጉዳዩ ደክሞት ተወው? የመጣው ብዛት ብቻውን የሚነግረን ደጁ ጭር አለማለቱን ነው። ያንንማ ጎንደሮችም አላጡትም ነበር።